መንታው አልገጥም ሲል፦ የድሮ ፌድ-2 ካሜራ ማያን ቤት ውስጥ ማስተካከል

ፊልሙ ታጥቦ መጣ። 36 ፎቶ። ከ36ቱ ውስጥ የእናቴ ፊት ጥርት ብሎ የወጣበት አንድም የለም። ከጀርባዋ ያለው መጋረጃ ግን ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ እሷ ራሷ፣ ሁሉም ጭጋግ ውስጥ ናቸው።

ካሜራው ፌድ-2 ነው። አጎቴ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት፣ ካርኮቭ ከተማ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ። እጄ እንዳልተንቀጠቀጠ አውቃለሁ፤ መጋረጃው ምስክሬ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ ቢሆን እሱም ይደበዝዝ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በማያው ስመለከት ፎከስ ገብቷል ያለኝ ቦታና ሌንሱ ፎከስ ያደረገበት ቦታ አልተስማሙም።

እንዲህ ያለ ካሜራ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ አትጣሉት። ቸኩላችሁም ለሠሪ አትስጡት። እኔ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ጽዳትና የአንድ ብሎን ሩብ ዙር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው የትኛው ብሎን እንደሆነ ሳይታወቅ ካቻቢቴ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ግማሹ ስለመመርመር ነው። ማዞሩ አጭር ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እንደምታዩ እወቁ

ፌድ-2 ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም ርቀትን ሁለት ምስል በማግጠም የሚለካ ካሜራ ነው፤ በሌንሱ ውስጥ አያሳያችሁም። ሌንሱ ላይ ክዳኑ እንዳለ ብትረሱት እንኳ በማያው ሁሉም ነገር ብሩህ ሆኖ ይታያል። ማያው የራሱ መንገድ አለው።

ከፊት ሁለት መስኮት አለ። በትልቋ መስኮት ዓይናችሁ ቀጥታ ያያል። ትንሿ ደግሞ ያንኑ ነገር ከጎን ትቀበላለች። ያ ምስል በውስጥ ተንጸባርቆ ይመጣና ዓይናችሁ ፊት በሰያፍ በቆመ ግማሽ መስታወት ላይ ያርፋል። ግማሽ መስታወት ያልኩት ብርሃኑን ግማሹን አሳልፎ ግማሹን ስለሚመልስ ነው። በዚህ ምክንያት ማያው መሃል ላይ ባለችው ትንሽ ክፍል አንድን ነገር ሁለት ሆኖ ታዩታላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ምስል መንታው እለዋለሁ።

ሌንሱን ስታዞሩ የጀርባው ቀለበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ካሜራው ውስጥ ይህን ቀለበት ተደግፎ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ክንድ አለ። ክንዱ መንታውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል። መንታው ከዋናው ምስል ጋር ሲገጥም ፎከስ ገባ ማለት ነው። እንግዲህ በሌንሱና በዓይናችሁ መሃል ያለው ሽማግሌ ይህ ክንድ ነው። እሱ ከተሳሳተ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ አይስማሙም።

ፌድ-2 ካርኮቭ ውስጥ ከ1955 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የተሠራ ካሜራ ነው። ፋብሪካው የተጀመረው ወላጅ ያጡና ጎዳና ላይ የወደቁ ልጆች በሚያድጉበት የሥራ ኮሙን ውስጥ ነው። ፌድ የሚለው ስም የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ መሥራች የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዝሂንስኪ የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። የዚህ ሞዴል ትልቁ ጸጋ በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ 67 ሚሊ ሜትር። መስኮቶቹ በተራራቁ ቁጥር ማያው ትንሿን የርቀት ልዩነት ይለያል። የተስተካከለ ፌድ-2 በጣም ልታምኑት የምትችሉት ካሜራ ነው። ለዚህም ነው የምደክምለት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ የሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ። ስቴኪኒ። ንጹሕ ጥጥ። የአየር መንፊያ፤ ፋርማሲ የሚሸጠው የሕጻን አፍንጫ መጥረጊያ ላስቲክ ይበቃል። ሜትር። ትሬሲንግ ወረቀት። አጉሊ መነጽር። የካሜራ ማቆሚያ ከሌላችሁ አንድ ኪሎ ምስር በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን አስተኙበት። ከብዙ ርካሽ ማቆሚያ ይሻላል፤ ካሜራው ምስሩ ውስጥ ሰጠም ብሎ ዝም ይላል።

ካቻቢቴው ጥራት ያለው ይሁን። ጫፉ ከብሎኑ ስንጥቅ ከጠበበ ይንሸራተታል። የአጎቴ ካሜራ ፊት ላይ አንድ ረጅም ጭረት አለ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሠሪ ሰጥተነው ይዞልን የተመለሰው ጭረት ነው። ብሎኑም ጭንቅላቱ ተበልቶ ነበር።

ምርመራ፦ ከስድስቱ የትኛው ነው?

ከሁሉ በፊት ማያውን ለዓይናችሁ አስተካክሉ። በፌድ-2 ላይ ፊልም መመለሻው ቁልፍ ሥር የምትሽከረከር ትንሽ ማንሻ አለች። ለዓይን ጥራት የተሠራች ናት። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች በተለይ፣ ይህችን አዙሩ። ብዙ ሰው “ማያው ተበላሽቷል” የሚለው ይህች ማንሻ ቦታዋን ስለለቀቀች ብቻ ነው። በከረጢት ውስጥ ስትታሽ በራሷ ትዞራለች።

ከዚያ ወደ ሩቅ ነገር ተመልከቱ፣ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ። የምታዩት ከእነዚህ አንዱ ይሆናል።

መንታው ከዋናው ምስል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል። ወደ ጎን ይገጥማል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን አይገጥምም። ይህ የቁመት ስህተት ነው።

ሌንሱ መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ ማለትም የተጋደመው 8 ምልክት ላይ ቆሞ፣ የሩቁ ነገር አልገጠመም። ይህ የኢንፊኒቲ ስህተት ነው። የእኔ እንዲህ ነበር።

ሩቁ ይገጥማል፣ ቅርቡ ግን ሌንሱ ላይ ከተጻፈው ርቀት ጋር አይስማማም። ይህ የቅርብ ስህተት ነው፤ ከሁሉም አስቸጋሪው።

መንታው ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

መንታው አለ፣ ነገር ግን በጣም ደብዝዟል። ወይም ማያው በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

ካሜራውን ስትነቀንቁት ከላይ በኩል የሚንኳኳ ነገር አለ። ውስጥ ያለ መስታወት ከማጣበቂያው ተላቆ ሊሆን ይችላል። የሚንኳኳውን አትነቅንቁት። በቀጥታ ወደምታምኑት ሠሪ ይሂድ።

የታጠበ ፊልም ካላችሁ እሱንም ጠይቁት። ፎከስ ካደረጋችሁበት ነገር ይልቅ ከኋላው ያለው ጠርቶ ከወጣ፣ ኢንፊኒቲ ላይ መንታው ሳይደርስ ሲቀር ታዩታላችሁ። ከፊቱ ያለው ጠርቶ ከወጣ ደግሞ መንታው ገጥሞ አልፎ ይሄዳል። ፎቶውና ማያው አንድ ቋንቋ ከተናገሩ ጥፋቱ ማያው ላይ እንደሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው።

መንታው አልንቀሳቀስ ካለ

ፊልም እንደሌለበት አረጋግጡ። ሌንሱን ከፊት ሆናችሁ ወደ ግራ እየፈታችሁ አውጡት። የሌንሱ አፍ ውስጥ ከላይ በኩል ክንዱ ይታያችኋል። በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁት። ዓይናችሁ ማያው ላይ ይሁን።

ክንዱ ተመልሶ ከወጣና መንታውም አብሮ ከሄደ ካሜራው ደህና ነው። ጥፋቱ ሌንሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዜኒት የሚባሉት ሌሎች የሶቪየት ካሜራዎች የመጀመሪያዎቹ ሌንስ ከፌድ ሌንስ ጋር ጥርሱ አንድ ነው፤ 39 ሚሊ ሜትር። እጅ ሲነካው ልክ ነው፣ ይገባል፣ ይጠብቃል። ግን ዜኒት በሌንሱና በፊልሙ መካከል 45.2 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ፌድ 28.8 ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የዜኒቱ ሌንስ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊልሙ ተጠግቶ ይቀመጣል። ምንም ነገር ጠርቶ አይወጣም፤ ክንዱንም በወጉ አይነዳውም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ሁለቱ ካሜራዎች አብረው ስለሚገኙ ሌንሶቹ መቀያየራቸው የሚያስገርም አይደለም። የሌንሱን ጀርባ ተመልከቱ። ክንዱ የሚደገፍበት ወጣ ያለ የብረት ቀለበት ከሌለው የዚህ ካሜራ አይደለም።

ክንዱ ተገፍቶ ካልተመለሰ ወይም እየተጎተተ ከተመለሰ፣ የድሮው ግራሶ ጠጥሯል ማለት ነው። የሶቪየት ካሜራዎች ግራሶ ሲያረጅ እንደ ሙጫ ይሆናል። ለዚፖ ላይተር የሚሞላው ዓይነት ንጹሕ ቤንዚን ያስፈልጋል። የስቴኪኒ ጫፍ ነክራችሁ፣ አራግፋችሁ፣ የክንዱን መታጠፊያ ብቻ ንኩ። ካሜራውን የሌንሱ አፍ ወደ መሬት እንዲያይ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጠብታ ቢያመልጥ ወደ ውጭ እንዲወድቅ። ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ፣ የሹተሩ መጋረጃ፣ ላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ፈሳሽ እንዲነካው አትፈልጉም። ክንዱን አሥር ጊዜ ያህል አንቀሳቅሱት፣ አድርቁት፣ ድገሙት። የሚረጭ ዘይት በፍጹም አትጠቀሙ። ዛሬ ያላላዋል፤ ነገ ወደ መስታወቱ ይሄዳል።

ሌንሱ ራሱ እውነት ይናገራል?

አንድም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ይህን ሥሩ። ማያውን ከሌንሱ ጋር ልናስማማው ነው። ሌንሱ ራሱ ከተሳሳተ ግን ማያውን ከውሸታም ጋር እናስማማዋለን።

የፌድ-2 የኋላ ክዳን ከታቹ ጋር አንድ ላይ ይወልቃል፣ ሥራው ቀላል ነው። ፊልሙ የሚያርፍበትን ቦታ ተመልከቱ። ሁለት ጥንድ ሐዲድ አለ። ፊልሙ የሚቀመጠው በውስጠኞቹ ላይ ነው። በዚያ ልክ የተቆረጠ ትሬሲንግ ወረቀት አንዲት ቀጭን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ወጥራችሁ ለጥፉ። ወረቀቱ ወደ ሌንሱ ያይ፣ መስታወቱ ወደ እናንተ። ወረቀቱ ከሐዲዱ ጋር ይግጠም፣ አይንሳፈፍ።

ሹተሩን አጥብቁ፣ ማለትም የፊልም ማዞሪያውን ቁልፍ እስኪያቆም አዙሩ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ቢ ላይ አድርጉ፤ ቢ ላይ ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ሹተሩ ክፍት ይቆያል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በእነዚህ ካሜራዎች ፍጥነት የሚቀየረው ከተጠበቀ በኋላ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ይያዝላችሁ። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ የቀዳዳው ስፋት በኤፍ ቁጥር ይጻፋል፣ ትንሹ ቁጥር ሰፊው ነው፤ ኤፍ 2.8 ከሆነ 2.8። ሌንሱ ኢንፊኒቲ ላይ ይቁም። ወደ ሩቅ አነጣጥሩና ወረቀቱ ላይ የወደቀውን ምስል በአጉሊ መነጽር እዩ። ምስሉ ተገልብጦ ይታያል። ምሽት ላይ የሩቅ አምፖሎች ከሁሉ ይሻላሉ፤ ጥርት ያለ ነጥብ ሆነው ከታዩ ሌንሱ ደህና ነው።

ቀን ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሌንሱ ፀሐይ እንዳያይ ተጠንቀቁ። ይህ ካሜራ ከመጋረጃው ፊት የሚቆም መስታወት የለውም። ሌንሱ እንደ ማቃጠያ መነጽር ሆኖ የሹተሩን መጋረጃ በመርፌ ቀዳዳ ልክ ያቃጥለዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይኖራል።

ሌንሱ ኢንፊኒቲ ላይ የማይጠራ ከሆነ እዚህ አቁሙ። ሌላ ሌንስ ሞክሩ። የማያውን ብሎን አትንኩ።

ኢንፊኒቲን ማስተካከል

ጥሩ ዒላማ ምረጡ። ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከጀርባው ሰማይ ያለው። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው ወደ እንጦጦ ማየት ያምረዋል። የባሕር ዛፍ ጫካ ግን ዳር የለውም፤ መንታው ገጠመ አልገጠመ አይለይም። ጠዋት አየሩ ጠርቶ ከሆነ የዝቋላ ጫፍ ያምራል፣ ግን እሱም ተዳፋት እንጂ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። እኔ የምጠቀመው በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ ክሬን ነው። የክሬኑ ቋሚ ብረት ለዚህ ሥራ የተተከለ ይመስላል። የቴሌ ማማም ይሆናል። የቀትር ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ከረፋዱ በፊት ጨርሱ።

ካሜራውን ምስሩ ላይ አስተኙ። ሌንሱ ኢንፊኒቲ ላይ እስኪያቆም አዙሩት። በማያው እዩ። ክሬኑ ሁለት ከሆነ፣ በየት በኩል እንደሆነ ወረቀት ላይ ሳሉት። ሥዕሉ ቆንጆ ባይሆንም ግድ የለም፤ በኋላ ወዴት እንደሄዳችሁ ያሳያችኋል።

በፌድ-2 ፊት ለፊት፣ ከትንሿ መስኮት አጠገብ አንዲት መሸፈኛ ብሎን አለች። እሷን አውጡ። ከኋላዋ በቀዳዳው ውስጥ የሌላ ብሎን ጭንቅላት ይታያል። የኢንፊኒቲ ማስተካከያው እሱ ነው። በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት። የብሎን ጭንቅላት ካላያችሁ የተሳሳተ ቦታ ከፍታችኋል፤ መልሳችሁ ዝጉት። ዞርኪ በሚባለው ሌላ የሶቪየት ካሜራና በሌሎች ፌዶች ላይ ቦታው ይለያያል።

አሁን የዙር ስምንተኛ ብቻ አዙሩ። ካቻቢቴውን አውጡና እዩ። ካቻቢቴው ውስጥ እያለ የምታዩት አያስተማምንም፣ እጃችሁ ይጫነዋል። መንታው ወደ ክሬኑ ቀረበ? ቀጥሉ። ራቀ? በተቃራኒው። ብሎኑ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ አንዲት ጠብታ ቤንዚን በስቴኪኒ ንኩትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ሲገጥም ሌንሱን ወደ ቅርብ አዙሩና እንደገና ወደ ኢንፊኒቲ መልሱ። አሁንም ይገጥማል? ይህን አምስት ጊዜ አድርጉ። አንዴ ገጥሞ አንዴ የማይገጥም ከሆነ ክንዱ አሁንም ተጣብቋል፣ ወደ ጽዳቱ ተመለሱ። የእኔ ካሜራ ሦስተኛው ላይ ሳተ። እንደገና ሳጸዳው ከስቴኪኒው ጋር እንደ ማር የሚሳብ ቡናማ ነገር ወጣ። ከዚያ በኋላ አምስቱንም ገጠመ።

መንታው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ

ትንሿን መስኮት የከበባት ቀለበት ይዞራል። የያዘው መስታወት በአንድ ጎኑ ወፈር፣ በሌላው ሳሳ ያለ ነው። ስታዞሩት መንታው በክብ መንገድ ይሄዳል።

ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። መንታው በክብ ስለሚሄድ፣ ቁመቱን ስታስተካክሉ ጎኑ ይበላሻል። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ቁመቱን ጨርሱ፣ ወደ ኢንፊኒቲው ብሎን ተመለሱ፣ ጎኑን አስተካክሉ፣ እንደገና ቁመቱን እዩ። በሁለት ወይም በሦስት ምልልስ ያልቃል። ቀለበቱን በፒንሳ አትያዙት። ላስቲክ ጓንት አድርጋችሁ ወይም የብስክሌት ካላማደሪያ ቁራጭ ይዛችሁ በጣት አዙሩት።

ለቁመት የሚጠቅም ዒላማ አግድም መስመር ነው፤ የጣሪያ ጠርዝ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ።

ቅርቡን መፈተሽ

የሌንሱ ርቀት የሚለካው ከፊልሙ ነው፣ ከሌንሱ ጫፍ አይደለም። ሜትሩን ከካሜራው ጀርባ ጀምራችሁ 1 ሜትር ላይ አንድ መጽሐፍ አቁሙ። ሌንሱን 1 ሜትር ላይ አድርጉ። በማያው የመጽሐፉ ጠርዝ ከገጠመ በጣም ጥሩ ነው።

ከዚያ በፊልም አረጋግጡ። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። አምስት ሲኒ ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደረደርኩ። እያንዳንዱ ከቀዳሚው 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ግን ጎን ለጎን እንዲታዩ። ፎከስ ያደረግኩት በመሃለኛው ሲኒ ከንፈር ላይ፣ በ1 ሜትር፣ በኤፍ 2.8። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚህ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊትና ከኋላ ተደምሮ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሲኒዎቹ አይዋሹም። መሃለኛው ጠርቶ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ደብዘዝ ካሉ ሥራው አልቋል። አራተኛው ከጠራ ከኋላ ነው፤ ሁለተኛው ከጠራ ከፊት።

ለዚህ ሙሉ ፊልም አታባክኑ። ፊልም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር 36 ፎቶ ብዙ ነው። አምስት ስድስት ፎቶ ሲኒ አንሱና የቀረውን ለሰው አድርጉት። ወይም ቀድሞ የሠራነውን ትሬሲንግ ወረቀት እንደገና አስገቡና ሲኒዎቹን በአጉሊ መነጽር እዩ። ያኛው ነፃ ነው።

ኢንፊኒቲ ልክ ሆኖ ቅርቡ ብቻ ከተሳሳተ፣ ማስተካከያው ክንዱ ጫፍ ላይ ነው። የፌድ ክንድ ጫፍ በአንድ ጎን የሳሳ ነው፤ አቀማመጡ ሲዞር ከሌንሱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ይቀየራል። ፋብሪካው ያስተካከለው እዚያ ነው። እኔ የምመክረው ይህን እንዳትነኩት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ፊልም ወይም ሁለት የወረቀት ፈተና አንድ ዓይነት መልስ እስኪሰጧችሁ። ከነካችሁትም የፀጉር ያህል አዙሩ፤ ኢንፊኒቲው ስለሚለቅ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ስህተቱ ጥቂት ከሆነና የምታነሱት ከ3 ሜትር ወዲያ ከሆነ ተዉት። በ3 ሜትር ጥርት የሚለው ስፋት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ትንሽ ስህተት እዚያ ውስጥ ይሰወራል።

ሁሉም ሲገጥም መሸፈኛዋን ብሎን መልሱ። ከመመለሳችሁ በፊት በማስተካከያው ብሎን ዳር የስቴኪኒ ጫፍ ያህል የጥፍር ቀለም አድርጉበት። በመንገድ ንዝረት እንዳይላላ ይይዘዋል፤ ሲያስፈልግም ይላቀቃል። ሱፐር ግሉ ግን አይሆንም። ከጠነከረ አይመለስም፤ ጭሱም መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ማያው ከደበዘዘ

የውጭውን መስታወቶች እንፋሎት ተንፍሳችሁ በጥጥ አጽዱ። ስንት ጊዜ ችግሩ ከኋላ የምናይበት መስኮት ላይ የተቀመጠ የቅንድብ ቅባት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጭጋጉ ውስጥ ከሆነ የላይኛው ክዳን መነሳት አለበት። ይህን ከወሰናችሁ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል እንቁላል ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ውስጥ ስትደርሱ መንፊያውን ብቻ ተጠቀሙ። ተራዎቹን መስታወቶች እርጥብ ባልሆነ ጥጥ መንካት ይቻላል። ግማሹን መስታወት ግን አትንኩት።

ይህን በጣም አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። አንድ የጃፓን ካሜራ ከፍቼ፣ ግማሹ መስታወት ላይ ጭጋግ አይቼ፣ ጥጥ አልኮል ነክሬ አንዴ ጠረግኩት። ጥጡ ላይ ወርቅማ ቀለም ወጣ። መስታወቱ ጠርቶ ቀረ፤ መንታው ግን ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ጠፋ። ያ ወርቅማ ቀለም ነበር ምስሉን የሚመልሰው። ካሜራው ዛሬም ፎቶ ያነሳል፣ ፎከስ ግን በግምት ነው።

ክዳኑን መክፈት ካልፈለጋችሁ ሌላ መላ አለ። መንታው የሚደበዝዘው ዋናው ምስል ስለሚበልጠው ነው። ስለዚህ ዋናውን አጨልሙት። የስጦታ መጠቅለያ ሴሎፎን ታውቃላችሁ፤ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። በትልቋ መስኮት ልክ ቆርጣችሁ ከፊት ለጥፉበት፤ ትንሿን እንዳለች ተዉአት። ዓለም ሰማያዊ ሆኖ ይታያችኋል፣ መንታው ግን በራሱ ቀለም ከመሃል ብቅ ይላል። ፎቶው ላይ ምንም አይለወጥም፤ ሌንሱ ሴሎፎኑን አያየውም። ትንሽ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው፣ በምሽት ብርሃን ልዩነቱ ግን የሚገርም ነው።

ክረምት ሲመጣ

የቆዳው ቦርሳ ቆንጆ ነው፣ እርጥበት ግን ይይዛል። ሐምሌና ነሐሴን ቆዳ ውስጥ ተዘግቶ ያለፈ ካሜራ ሻጋታ አያጣውም። ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ መስታወቱ ላይ ይዘረጋል፤ ሲቆይ መስታወቱን ራሱን ይበላል። ከቦርሳው አውጡት። ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ ወይም የምግብ ሳጥን ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከምትወጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሁለት ሦስት ጨምራችሁ አኑሩት። ፀሐይ በወጣ ቀን አውጥታችሁ ክንዱ እንዳይረሳ ሌንሱን አዟዙሩት።

እስኪጠገን ድረስ

ማያው አልተስተካከለም፣ ሰርጉ ግን ነገ ነው እንበል። ያለ መንታው መሥራት ይቻላል። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ አይኤስኦ (የፊልሙ የብርሃን ስሜት ቁጥር) 100 የሆነ ፊልም አስገብታችሁ፣ ኤፍ 16 እና የሹተሩን ፍጥነት 1/100 ወይም 1/125 ሰከንድ አድርጉ። ሌንሱን 5 ሜትር ላይ አቁሙትና አትንኩት። ከ2.5 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ያለው በሙሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ማያው ለፍሬም ብቻ ይሆናል። ቤት ውስጥና ምሽት ላይ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ ሜትር ወይም በእርምጃ መለካት ነው፤ የእኔ አንድ እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የእናንተን ለኩ።

ካስተካከላችሁ ከሳምንት በኋላ እዚያው መስኮት፣ እዚያው ምስር ላይ አስተኝታችሁ ክሬኑን እንደገና እዩት። የእኔ በሳምንቱ የዙር ስምንተኛ ፈልጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ፊልም ለእናቴ አነሳሁ። ያው ረከቦት፣ ያው መጋረጃ፣ በ1.5 ሜትር። በዚህኛው ፎቶ መጋረጃው ደብዝዟል። የነጠላዋ ጥለት ይቆጠራል፤ ዓይኗ ውስጥም የመስኮቱ ብርሃን አለ።